ምዕራፍ 7፦ ሦስተኛው አፍ

የቧንቧ ውጥረት የሚያሰሉ ፕሮግራሞች ቫልቭ ሲባል የሚያውቁት ባብዛኛው ሁለት አፍ ያለውን ነው፤ በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። መሐንዲሱ ከዝርዝሩ ዓይነቱንና መጠኑን ይመርጣል፣ ፕሮግራሙ ርዝመቱንና ክብደቱን ከራሱ መዝገብ አውጥቶ መስመሩ ላይ ይሰካዋል፣ ሥራው አለቀ። ሥዕሉ ላይ ሦስት አፍ ያለው ቫልቭ ሲገኝ ግን ነገሩ ይቆማል። አንዳንዱ ቫልቭ አራት አፍ አለው። በነዳጅ ጉድጓዶች መሰብሰቢያ ጣቢያ የሚተከለው መራጭ ቫልቭ ደግሞ ከሰባት ከስምንት ጉድጓድ የሚመጡትን ቧንቧዎች ዙሪያውን ተቀብሎ አንዱን ለይቶ ወደ መለኪያ ይልካል፣ የቀሩትን አንድ ላይ ሰብስቦ ወደ ዋናው መስመር ያወጣል። በፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ ይህን የሚመስል ስለማይገኝ መሐንዲሱ ካሉት ቁርጥራጮች ራሱ መገጣጠም አለበት።

በሙያው ያሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚከራከሩት በዚህ አገጣጠም ላይ ነው፦ ክንዱ ስንት ይሁን፣ ክብደቱ የት ይቀመጥ፣ መሐሉ ምን ያህል ግትር ይሁን። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ መልሳቸውንም ከዚህ በታች እናያለን። ይሁንና ክርክሩ ከዋናው ጉዳይ ያዘናጋል ባይ ነኝ። ባለ ብዙ አፍ ቫልቭ ከሌላው የሚለይበት ትልቁ ነገር መዞሩ ነው። ጠዋት አንዱን አፍ ዘግቶ ሌላውን ይከፍታል፣ ማታ ይገለብጠዋል። የቫልቩን ቅርጽ እስከ ሚሊሜትር አስተካክሎ መዞሩን የረሳ ሞዴል፣ ማያ ገጹ ላይ ሲታይ ምንም እንከን አይገኝበትም፤ የሚሰጠው ቁጥር ግን ፋብሪካው ውስጥ ከሚሆነው ጋር አይገናኝም።

ፕሮግራሙ የሚያየው

ሲዛር ቱም ሆነ አውቶፓይፕ፣ ወይም ሌሎቹ የዚህ ቤተሰብ ፕሮግራሞች፣ ቧንቧን የሚያዩት እንደ ዘንግ ነው። መስመሩ በነጥቦች ይከፋፈላል፤ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ቁራጭ ኤለመንት ይባላል። እያንዳንዱ ነጥብ ስድስት ዓይነት እንቅስቃሴ አለው፦ ሦስቱ ወደ ጎን፣ ወደ ፊትና ወደ ላይ መሄድ፣ ሦስቱ ደግሞ በእነዚሁ አቅጣጫዎች ዙሪያ መዞር። ኤለመንቱ ሁለት ጫፍ ስላለው አሥራ ሁለት እንቅስቃሴዎች ከአሥራ ሁለት ኃይሎች ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ይታሰራሉ። ፕሮግራሙ የሺህ ኤለመንቶችን ሠንጠረዥ ደራርቦ አንድ ትልቅ እኩልታ ይሠራና ይፈታዋል። በመሠረቱ ሥራው ይኸው ነው።

በዚህ ዓለም ውስጥ ፈሳሽ አይፈስስም። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የቧንቧውን ውፍረት፣ የብረቱን ዓይነት፣ ሙቀቱን፣ የውስጡን ግፊትና ክብደቱን ብቻ ነው። ቫልቩ ክፍት ይሁን ዝግ አያውቅም፤ የሚጠይቅበት ሳጥንም የለውም። አንድ አፍ መዘጋቱን ልንነግረው የምንችለው በተዘዋዋሪ ነው፤ ከዚያ አፍ ወዲያ ያለውን ቧንቧ ሙቀትና ግፊት በመቀየር።

ሙቀቱ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቅ አንድ ስሌት ያሳያል። ተራ የካርቦን ብረት ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር በእያንዳንዱ ሜትር ወደ 1.2 ሚሊሜትር ይረዝማል። ሃያ ሜትር ቧንቧ በ200 ዲግሪ ቢሞቅ 48 ሚሊሜትር ገደማ ይሄዳል። የሚሄድበት ቦታ ካጣና ሁለት ጫፉ ከታሰረ ውስጡ የሚፈጠረው ውጥረት 480 ሜጋፓስካል ይጠጋል፤ ብዙ ጊዜ ለቧንቧ የሚውለው የካርቦን ብረት ደግሞ 240 አካባቢ ላይ ቅርጹ መለወጥ ይጀምራል። የፋብሪካ ቧንቧዎች ቀጥታ መሄድ እየቻሉ ወዲያና ወዲህ የሚታጠፉት ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ክርን በመጠኑ እየታጠፈ የርዝመቱን ለውጥ ይውጠዋል።

ይህን በእጅ ማስላት ድሮ የሳምንታት ሥራ ነበር። የአሜሪካው ኤም ደብሊው ኬሎግ ኩባንያ ዘዴውን ጠቅልሎ በ1941 ያሳተመውና በ1956 ያሻሻለው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ከመሐንዲሶች መደርደሪያ አልወረደም። ሲዛር ቱ በ1984 በግል ኮምፒውተር ላይ ሲመጣ ሳምንቱ ወደ ሰዓታት ወረደ። ትርፉ ግልጽ ነው። ጉዳቱም አለ፤ በእጅ የሚያሰላ ሰው እያንዳንዱን ቁጥር ሲጽፍ ይህ ክንድ አሁን ሙቅ ነው ወይስ ቀዝቃዛ ብሎ ለመጠየቅ ይገደድ ነበር።

ክንዶቹ

ወደ አገጣጠሙ እንመለስ። ባለ ሦስት አፍ ቫልቭ ሞዴል ሲሠራ መጀመሪያ የአፎቹ መሐል መስመሮች የሚገናኙበት አንድ ነጥብ ይተከላል። ከዚያ ነጥብ ወደ እያንዳንዱ አፍ ፍላንጅ፣ ቫልቩ ከቧንቧው ጋር በብሎን ወደሚታሰርበት ክፈፍ፣ አንድ አንድ ግትር ኤለመንት ይዘረጋል። ርዝመቱ የሚወሰደው ከአምራቹ ሥዕል ነው፤ ከመሐል እስከ ፍላንጁ ፊት ያለው ልኬት። ሁለቱ ትይዩ አፎች እኩል ርዝመት ኖሯቸው ሦስተኛው ሊረዝም ወይም ሊያጥር ስለሚችል በግምት መሙላት አያዋጣም። የአንዳንድ ቫልቭ ሦስተኛ አፍ እንዲያውም ከሌሎቹ ጋር በአንድ ነጥብ ላይ አይገናኝም፤ ወደ ታች ወረድ ብሎ ይወጣል። ያን ጊዜ በመካከል አንድ አጭር ክብደት የለሽ ግትር ቁራጭ ይጨመራል።

ግትር ማለት ስንት ነው? ሲዛር ቱ ግትር ኤለመንትን የሚያሰላው የቧንቧውን የግድግዳ ውፍረት አሥር እጥፍ አድርጎ ነው። ጨርሶ የማይታጠፍ ማድረግ የሚሻል ይመስላል፤ ግን ኮምፒውተሩ ቁጥር የሚይዘው በተወሰነ አኃዝ ነው። በአንድ እኩልታ ውስጥ እጅግ ግዙፍ ቁጥር ከትንሽ ቁጥር ጋር ሲደመር የትንሹ ጭራ ይጠፋል፤ የሚጠፋው ጭራ ደግሞ እኛ የምንፈልገው የቧንቧው መታጠፍ ነው። አሥር እጥፍ ለሥራው በቂ ነው፤ ከቧንቧው ጋር ሲነጻጸር ቫልቩ አይታጠፍም ማለት ይቻላል፣ እኩልታውም ጤናማ ሆኖ ይፈታል።

ክብደት ላይ ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ወጥመድ አለ። ቫልቩ 600 ኪሎ ነው እንበል። ጀማሪው በሦስቱም ክንድ ላይ 600 ይጽፋል፣ ቫልቩም 1800 ኪሎ ይሆናል። ይህ ሲያዩት የሚያስቅ ስሕተት ነው፤ ሆኖም ድጋፉ ላይ የሚወርደውን ጭነት ሰው ካልመረመረው አይታይም። ሌላው ደግሞ ጠቅላላውን በአንድ ክንድ ላይ ጽፎ ሁለቱን ባዶ ይተዋል። ሲዛር ቱ ክብደቱ ባዶ የሆነ ግትር ኤለመንት ሲያይ ለመሣሪያነት ብቻ የተቀመጠ ምናባዊ ቁራጭ ነው ብሎ ስለሚወስደው የውስጡን ፈሳሽና የውጩን መከላከያ ልባስ ክብደትም አይጨምርለትም። ክብደቱን እንደ ክንዶቹ ርዝመት ማከፋፈል የተሻለ ነው። በቫልቩ ራስ ላይ የሚቀመጠው ማንቀሳቀሻ ሞተር ግን ለብቻው መታየት አለበት። የባለ ሦስት አፍ ቫልቭ ሞተር ከባድ ነው፣ አንዳንዴም ወደ ጎን ይወጣል፤ ከመሐሉ ነጥብ እስከ ሞተሩ የክብደት ማዕከል አንድ ምናባዊ ግትር ክንድ ዘርግቶ ክብደቱን ጫፉ ላይ ማስቀመጥ ግድ ነው። አለበለዚያ ቧንቧውን የሚጠመዝዘው ጭነት ከስሌቱ ይጎድላል። የፍላንጆቹንም ክብደት አምራቹ ከቫልቩ ጋር ደምሮት እንደሆነ ሳያጣሩ ሁለት ጊዜ መቁጠር የተለመደ ነው።

የመሐሉን ነጥብ ምን ብለን እንሰይመው? ሦስት ኤለመንት የሚገናኝበት ስለሆነ ብዙ ሰው እጁ ወደ ቲ፣ ወደ ባለ ሦስት አፍ የቧንቧ መጋጠሚያ፣ ይሄዳል። ይህ ስሕተት ነው፣ ምክንያቱን ማወቅም ይጠቅማል። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኤ አር ሲ ማርክል የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ባለ አራት ኢንች ክርኖችንና ቲዎችን እስኪሰነጠቁ ድረስ ደጋግሞ እያጠፈ ሞከረ። ከተራ የብየዳ መጋጠሚያ ጋር ሲነጻጸሩ በስንት እጥፍ ባነሰ ውጥረት እንደሚደክሙም የሚናገሩ ማባዣዎች አወጣ። ዛሬ ፕሮግራሙ ቲ በተባለ ነጥብ ላይ የሚያበዛው ከዚያ የመጣውን ቁጥር ነው። ማርክል የሞከረው ግን ስስ ግድግዳ ያለውን የቧንቧ ቲ ነው። የቫልቭ አካል ወፍራም ብረት ስለሆነ ማባዣው አይመለከተውም። ቲ ብሎ የሰየመ ሰው በሌለ ቦታ ቀይ ቁጥር አይቶ ቧንቧውን ያለምክንያት ያስረዝማል።

ከዚህ የባሰው ግን ተቃራኒው ነው፦ ክንዶቹን እንደ ተራ ቧንቧ መሥራት። ያን ጊዜ ቫልቩ በስሌቱ ውስጥ ይተጣጠፋል፣ የሌለ ልስላሴ ለመስመሩ ያበድራል፣ ፍላንጆቹ ላይ የሚደርሰው ኃይልም ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይወጣል።

ቫልቩ ሲዞር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ምሳሌ የማደርገው የድፍድፍ ነዳጅ አተላ ወደ ኮክ፣ ወደ ከሰል መሰል ጠጣር፣ የሚለወጥበትን ክፍል ነው፤ በዓለም ላይ ካሉ ባለ ብዙ አፍ ቫልቮች ሁሉ ከባድ ሕይወት ያለው የዚህ ክፍል የማዞሪያ ቫልቭ ይመስለኛል። አተላው በምድጃ ውስጥ ወደ 490 ዲግሪ ይሞቅና ወደ አንድ ረጅም ታንክ ከሥሩ ይገባል። እዚያ በገዛ ሙቀቱ ተሰባብሮ ጋዙ ከላይ ይወጣል፣ ኮኩ ታንኩን እየሞላ ይጠጥራል። ታንኩ ሲሞላ ምድጃው አይቆምም፤ ቫልቩ ዞሮ ፍሰቱን ወደ ጎረቤቱ ታንክ ይልካል፣ የመጀመሪያው በእንፋሎት ታጥቦ በውኃ ቀዝቅዞ ኮኩ ተቆርጦ ይወጣለታል። ቫልቩ አራት አፍ አለው፦ አንዱ ከምድጃው፣ ሁለቱ ወደ ሁለቱ ታንኮች፣ አራተኛው ሥራ ሲጀመርና ሲቆም ታንኮቹን ዘልሎ ወደ ማጣሪያው ማማ። ግልበጣው እንደ ፋብሪካው ፍጥነት ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል፣ ለዓመታት።

ጀማሪው መሐንዲስ ይህን ቫልቭ እንዴት ያሰላዋል? ለጥንቃቄ ብሎ ሁሉንም ክንድ 490 ዲግሪ ያደርገዋል። ከፍተኛውን ሙቀት ሁሉም ቦታ ካደረግኩ ከዚያ የባሰ አይመጣም ብሎ ያስባል። ሁለቱ ታንኮች በቫልቩ ግራና ቀኝ ናቸው፣ ወደ እነሱ የሚሄዱት ቧንቧዎችም የመስተዋት ምስል ያህል ይመሳሰላሉ። በዚህ ሙቀት የምድጃው ቧንቧ ብረት በሜትር ወደ 6 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ የእያንዳንዱ ክንድ ርዝመት 15 ሜትር ቢሆን 90 ሚሊሜትር ማለት ነው። ሁለቱም እኩል ሲገፉት ቫልቩ በቦታው ይቆማል። ውጤቱ ያማረ ነው፣ ሪፖርቱም ይጻፋል።

እንዲህ ያለ ቀን ግን በፋብሪካው ውስጥ የለም። ቫልቩ ወደ ግራ ሲከፈት የግራው ክንድ ብቻ 490 ዲግሪ ነው፤ የቀኙ በዚያ ሰዓት ውኃ እየገባበት ሊሆን ይችላል። የግራው ክንድ ቫልቩን ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ሲገለበጥ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ይገፋል። ከታንኮቹም ወገን እንቅስቃሴ አለ፤ ሙቁ ታንክ አድጎ የታችኛው አፉ ሲወርድ የቀዝቃዛው አፍ ባለበት ይቀራል። ሁሉም ሙቅ የሚለው ስሌት እነዚህን ግፊያዎች እርስ በርስ አጣፍቷቸዋል። ጥንቃቄ የመሰለው ከአማራጮቹ ሁሉ የላላው ነበር።

ስለዚህ እያንዳንዱ የቫልቩ አቀማመጥ የራሱ የሙቀት ስብስብ ይሰጠዋል፦ ግራ ክፍት፣ ቀኝ ክፍት፣ በአራተኛው አፍ ማለፊያ፣ ከዚያም የመለዋወጫው ጊዜ፣ ቀጣዩ ታንክ በጋዝ ቀስ እየተባለ ሲሟሟቅ። ሲዛር ቱ እስከ ዘጠኝ የሥራ ሙቀት ይቀበላል፤ ለብዙ ቫልቭ ይበቃል።

የተዘጋው ክንድ ሙቀት ስንት ይሁን የሚለውን የሚመልሰው ፕሮግራሙ አይደለም። መሐንዲሱ ወደ ሂደት ክፍሉ ሄዶ መጠየቅ አለበት። የቫልቩ አካል ሁሌም ሙቅ ነው፣ ከእሱ ጋር የተያያዘው ቧንቧ የመጀመሪያው ጥቂት ሜትር ከእሱ ሙቀት ይቀበላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ይበርዳል፤ ማጠቢያ እንፋሎት ካለ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ነው። ክንዱን ከሁለት ከሦስት ቦታ ቆርጦ ለየክፍሉ የተለያየ ሙቀት መስጠት ተገቢ ነው። በእኔ ልምድ ከዚህ ጥያቄ ይልቅ የግትሩ ክንድ ውፍረት አሥር እጥፍ ይሁን አይሁን በሚለው ላይ ብዙ ስብሰባ ይባክናል።

አቀማመጦቹ ለየብቻ ተሰልተው ሁሉም ከገደቡ በታች ቢሆኑ እንኳ ሥራው አላለቀም። የአሜሪካ ሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የቧንቧ ደንብ፣ ቢ31.3 የሚባለው፣ በሙቀት ለሚመጣ ውጥረት የሚጠይቀው ብረቱ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ጠርዝ የተጓዘውን ስፋት ነው። ምክንያቱ ድካም ነው፤ ሽቦ የሚሰበረው ወዲያና ወዲህ ስለታጠፈ ነው እንጂ አንዴ ስለታጠፈ አይደለም። አንድ ክርን ላይ፣ ቫልቩ ወደ ግራ ሲከፈት 130 ሜጋፓስካል፣ ወደ ቀኝ ሲከፈት 110 ሜጋፓስካል ተገኘ እንበል፣ ገደቡም 200 ይሁን። ሁለቱም ለየብቻቸው ያልፋሉ። ነገር ግን ክርኑ በመጀመሪያው ወደ ውስጥ፣ በሁለተኛው ወደ ውጭ ከታጠፈ የተጓዘው ስፋት 240 ነው፣ አያልፍም።

እዚህ ላይ ሪፖርቱ ራሱ ያሳስታል። ፕሮግራሙ የሚያትመው የውጥረት ቁጥር ምልክት የለውም፤ ሁሌም ከዜሮ በላይ ነው። የታተሙትን ሁለት ቁጥሮች በወረቀት ላይ የቀነሰ ሰው 20 ያገኛል፣ እፎይ ብሎም ይሄዳል። ትክክለኛው መንገድ ፕሮግራሙ የአንዱን አቀማመጥ መፈናቀልና ኃይል ከሌላው ላይ እንዲቀንስ ማዘዝና ውጥረቱን ከዚያ ልዩነት እንዲያሰላ ማድረግ ነው። አቀማመጡ ሦስት ከሆነ ሦስት ጥንዶች፣ አራት ከሆነ ስድስት ጥንዶች ይኖራሉ፤ ከቀዝቃዛው የግንባታ ቀን ጋር ያለውም በየአንዳንዱ ይታከላል።

የመዞሩ ብዛትም ይቆጠራል። ደንቡ ለረጅም ዘመን የሚፈቀደውን ውጥረት ያበዛበት የነበረው ቁጥር የዑደቱን ብዛት ወደ ኔጌቲቭ 0.2 ርቢ ከፍ አድርጎ በ6 በማባዛት የሚገኝ ነው። በቀን አንዴ የሚገለበጥ ቫልቭ በሃያ ዓመት 7300 ጊዜ ይዞራል፤ ማባዣው 1 አካባቢ ይወጣል፣ ቅናሽ የለም ማለት ነው። ሙቅና ቀዝቃዛ የሚያፈራርቅ ሌላ ቫልቭ በቀን አሥር ጊዜ ቢዞር 73,000 ይሆናል፣ ማባዣው ወደ 0.64 ይወርዳል። ከተፈቀደው ከሲሶ በላይ ተቆረጠ ማለት ነው፣ ቧንቧው ምንም ሳይለወጥ።

ሁሉም ባለ ብዙ አፍ ቫልቭ እንዲህ ያስጨንቃል ማለቴ አይደለም። መግቢያዬ ላይ የጠቀስኩት የነዳጅ ጉድጓዶች መራጭ ስምንት አፍ ኖሮት ስምንት አቀማመጥ ቢኖረውም፣ ከየጉድጓዱ የሚመጣው ፈሳሽ ወደ መለኪያ ሄደ ወደ ዋናው መስመር ያው ሙቀት ይዞ ነው። ቫልቩ መዞሩ መግቢያ ቧንቧዎቹን አይቀይራቸውም። እዚያ የሚያስፈልገው የትኛው ጉድጓድ ሲዘጋ ምን ይሆናል የሚለው ነው፤ እሱም ከቫልቩ አቀማመጥ ጋር አይያያዝም።

ግፊትና ክንድ

የተዘጋ አፍ ሌላም ነገር ያመጣል። መዝጊያው በአንድ ወገን 20 ባር፣ በሌላው ወገን ባዶ ሲያገኘው ልዩነቱ በስፋቱ ተባዝቶ ይገፋዋል። በብየዳ የተያያዘ ተራ ቧንቧ ይህን ግፊት በግድግዳው መሳሳብ ይሸከመዋል፣ ድጋፎቹ ብዙም አይሰሙትም። መስመሩ ውስጥ ቤሎውስ፣ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚተጣጠፈው የማስፋፊያ ቁራጭ፣ ካለ ግን ግድግዳው መሳሳብ አይችልም፤ ግፊቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ድጋፉ ይሄዳል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል ከታዩት አደጋዎች ሁሉ የሚጠቀሰው የእንግሊዙ ፍሊክስቦሮ ነው። በ1974 የጸደይ ወራት በዚያ የኬሚካል ፋብሪካ በተርታ ከተተከሉት ስድስት ታንኮች አምስተኛው ተሰንጥቆ ተነሣ፤ አራተኛውንና ስድስተኛውን የሚያገናኝ ባለ 20 ኢንች ጊዜያዊ ቧንቧ ተገጠመ። የታንኮቹ አፎች ከፍታ ስለማይመሳሰል ቧንቧው ሁለት ቦታ ታጥፎ ወረደ፣ በሁለት ጫፉም ቤሎውሶች ነበሩት። ለሥራው የተሠራው ሥዕል በአውደ ጥናቱ ወለል ላይ በጠመኔ የተሣለ ነበር። የግፊቱን የማዞር ኃይል ያሰላ ሰው አልነበረም። ሰኔ 1 ቀን 1974 በአውሮፓ አቆጣጠር ቧንቧው ተቀደደ፣ የወጣው የሳይክሎሄክሴን ደመና ፈነዳ፣ 28 ሰዎች ሞቱ። እዚያ ባለ ብዙ አፍ ቫልቭ አልነበረም። ነገር ግን የሁለቱ አፎች መሐል መስመሮች አለመግጠማቸው ቀጥታውን ግፊት ወደ ጠምዛዥ ኃይል እንደለወጠው ሁሉ፣ በባለ ሦስት አፍ ቫልቭ ላይም ሦስተኛው ክንድ ከሌሎቹ መስመር ውጭ ነውና እያንዳንዱ ኪሎ ግፊት ክንድ ያገኛል። ቤሎውስ ባለበት መስመር ላይ በየአቀማመጡ ግፊቱን ከሙቀቱ ጋር አብሮ መቀያየር ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቫልቩ በፍጥነት ከዞረ ደግሞ ለአፍታ የሚቆይ ምት አለ። ሩሲያዊው ዡኮቭስኪ በ1898 እንዳሳየው በሴኮንድ አንድ ሜትር የሚፈስ ውኃ ባንዴ ቢቆም በተለመደ የብረት ቧንቧ ውስጥ ግፊቱ በ12 ባር ገደማ ይዘላል። ጥሩ ባለ ሦስት አፍ ቫልቭ አንዱን ሲዘጋ ሌላውን ስለሚከፍት ፍሰቱ ጨርሶ አይቆምም፤ ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው። መሐል ላይ ሁለቱንም የሚዘጋ ዓይነት ከሆነ ግን የመዞሪያውን ጊዜ ከአምራቹ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፍላንጁ ላይ

ስሌቱ ሲጠናቀቅ ግትር የተባሉት ክንዶች ላይ የውጥረት ቁጥር አይታይም፤ ፕሮግራሙ ቫልቩን አይፈርድበትም። የቧንቧ ደንቡም የቫልቩን አካል አይመረምርም። ስለዚህ የሚፈተሸው በር ላይ ነው፣ ፍላንጁ ላይ። ከኬሎግ መጽሐፍ የመጣ አንድ አሮጌ ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራል፦ ፍላንጁን የሚያጎብጠውን ሞመንት ወደ ተመጣጣኝ ግፊት ለውጦ ከመስመሩ ግፊት ጋር ይደምረዋል። ሞመንቱ በ16 ተባዝቶ፣ ለፓይና ለጋስኬቱ (ለፍላንጁ ማሸጊያ) ዲያሜትር ሦስተኛ ርቢ ብዜት ይካፈላል። ጋስኬቱ 300 ሚሊሜትር፣ ሞመንቱ 10 ኪሎኒውተን ሜትር ቢሆን 19 ባር ገደማ ይወጣል። መስመሩ ራሱ 20 ባር ከሆነ ፍላንጁ እንደ 39 ባር መስመር መታየት አለበት። ዘዴው ጥብቅ ነው፤ በእሱ የወደቀ ፍላንጅ በረቀቀ ስሌት ሊያልፍ ይችላል። ለመጀመሪያ ማጣሪያነት ግን የሚተካው አላየሁም።

ፍላንጁ ባይፈስስም ቫልቩ ላይሠራ ይችላል። የማዞሪያ ቫልቭ ውስጡ ያለው ኳስ ወይም መሰኪያ ከመቀመጫው ጋር በጠባብ ክፍተት የተገጠመ ነው። አካሉ ጥቂት ቢጣመም ኳሱ ይይዛል፣ ወይም መቀመጫው በአንድ ጎኑ ይለቅቃል። ስለዚህ አምራቹ በየአፉ የሚችለውን ኃይልና ሞመንት እንዲሰጥ ይጠየቃል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ አካሉ ከቧንቧው ይጠነክራል የሚል ነው፤ ስለመሰንጠቅ ከሆነ እውነት ነው፣ ስለመዞር ግን ምንም አይናገርም። አምራቹ ራሱ ሊያሰላ የሚችለው ደግሞ የምንልክለት ሠንጠረዥ ትክክል ከሆነ ነው። በየአፉ ከሁሉም አቀማመጥ ትልቁን ቁጥር እየለቀሙ አንድ ሠንጠረዥ ማድረግ የተለመደ ነው፣ ግን አራቱም ትልልቅ ቁጥሮች በአንድ ሰዓት አይገናኙም። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ የደረሰው አምራች ወይ አይሆንም ይላል፣ ወይ ያለ አስፈላጊነት ወፍራም ቫልቭ ያቀርባል። በየአቀማመጡ ለየብቻ የተጻፈ፣ ምልክቶቹ ያልተነኩ፣ የትኛው አፍ በዚያ ሰዓት ዝግ እንደሆነ ከጎኑ የሰፈረበት ሠንጠረዥ ቢደርሰው ግን አካሉ ወደየት እንደሚጣመም አይቶ፣ ኳሱ በዚያ አቀማመጥ ይዞር እንደሆነ ማስላት ይችላል።